የምንቀዳው ውኃና የምንደፋው ውኃ

በአገራችን ልማድ እንግዳ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ከምግቡ አስቀድሞ የሚቀርብለት ውኃ ነው። የእጅ ውኃ ይፈስለታል፥ የሚጠጣውም ይቀዳለታል። ያ ውኃ ከወዴት እንደ መጣ ግን እንግዳውም አይጠይቅም፥ ባለቤቱም አይናገርም። እጅ የታጠበበትም ውኃ ከማስታጠቢያው ወደ ደጅ በተደፋ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኑ የሚከተለው ሰው የለም። ስለ ከተማ ውኃ የሚነገረው ነገር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ይጠቀለላል፤ ይኸውም ከወዴት ይመጣል፥ ወዴትስ ይሄዳል ማለት ነው። ስለ ፊተኛው ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ ስለ ኋለኛው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች በእውነት አንድ እንደ ሆኑ የሐረር ከተማ ታሪክ ያስረዳናልና ጥቂት እንመልከተው።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሐኪም ተራራ አጠገብ የተቀመጠች ጥንታዊት ከተማ ናት። ጀጎል የሚባለው ቅጥሯ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ስፍራ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ሲሆን፥ 82 መስጊዶችና እጅግ ብዙ ቤቶች ተጠጋግተው ይገኙበታል፤ መንገዶቹም ሁለት ሰዎች በጭንቅ የሚተላለፉባቸው ጠባቦች ናቸው። ስለዚህም ታሪካዊ ክብር በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፏታል።

በቀድሞ ዘመን የከተማይቱ ሴቶችና ልጃገረዶች እንስራና ቅል ይዘው ከበሮቹ ውጭ ወዳሉት ምንጮችና ጅረቶች እየወረዱ ውኃ ይቀዱ ነበር። ውኃ በጀርባ የሚመጣ ሲሆን ዋጋው በድካም ይታወቃልና ማንም በከንቱ አያፈሰውም ነበር። የታጠበበትም ውኃ ጥቂት ስለ ሆነ ፀሐይ ያደርቀው፥ መሬትም ይጠጣው ነበር። በግንቡም ሥር በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ትርጓሜውም የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በእነርሱ የክረምት ጎርፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በሌሊትም ጅቦች ወደ ከተማው እየገቡ አጥንቱንና የወደቀውን ሥጋ ይጠርጉ ነበር። የሐረር ሰው ጅብን እንደ ጠላት ብቻ የማያየው፥ ዛሬም በከተማው ዳር በእጁ እስከ ማጉረስ የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጅብ የሳሙና ውኃ አይጠጣም፤ የመጸዳጃ ቤትንም ዝቃጭ ተሸክሞ አይሄድም። የከተማው ሕዝብ እየበዛ ውኃውም እየበዛ በሄደ ጊዜ የአባቶች ሥርዐት ብቻውን የማይበቃው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለውጦ ውኃ በቧንቧ ወደ ከተማው ይመጣ ጀመር። ለብዙ ዓመታት ሐረርን ያጠጣት የነበረው ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ነው። የሐይቅ ውኃ እንደ ምንጭ ውኃ በቀጥታ አይጠጣም፤ የሚጣራበትም ሥርዐት በአጭሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሸብ ወይም ሸብን የሚመስል መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ይህም በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ጭቃ እያያያዘ ወደ ታች ያወርደዋል። ቀጥሎ ውኃው በአሸዋ ውስጥ እያለፈ የቀረውን እድፍ በዚያ ይተዋል። በመጨረሻም ለዓይን የማይታዩትን የበሽታ ነፍሳት እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። በቧንቧ ውኃ ላይ አንዳንድ ጊዜ የምናሸተው የመድኃኒት ሽታ የዚህ የክሎሪን ሽታ ነውና፥ ሊያስደስተን እንጂ ሊያስቀይመን አይገባም።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ሐይቁም እያሳሳቀ ሄደ። በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ላይ የነበረው ዛፍ ስለ ተመነጠረ በየክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እያጠበ ወደ ሐይቁ ያወርደው ነበርና ደለሉ ከታች ከፍ እያለ መጣ። ገበሬውም ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት በየማሳው ሞተር ተክሎ ውኃውን ይስብ ነበር። ሐረርና ሌሎችም ከተሞች የየድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻውን ሐይቁን ባላደረቀው ነበር፤ እያንዳንዱም ከሐይቁ ስፋት አንጻር የሚወስደው ጥቂት መስሎ ይታየው ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግን ሐይቁ ፈጽሞ ደረቀ፤ ቀድሞ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ስፍራ ከብት ተሰማራበት። በሐረርም የውኃ ጭንቅ ሆነ፤ ሕዝቡ ጄሪካን ተሸክሞ ቦቴ መኪና መጠበቅና ውኃ መግዛት ግድ ሆነበት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ወደ ሐይቁ ተመልሶ መታየቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ የደረቀ ነገር ሁለተኛ ሊደርቅ ይችላልና በዙሪያው ያለው ኮረብታ በዛፍ እንዲሸፈን፥ የሚሳበውም ውኃ በልክ እንዲሆን ያስፈልጋል።

ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ለሐረርና በመንገዱ ላሉት ከተሞች ሌላ ውኃ ተፈለገላቸው። ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ገንዘብ ጭምር በድሬዳዋ በኩል ባለው ቆላ ድሬ ጃራ በሚባለው ስፍራ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፥ ውኃው ከ70 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ ወደ ደጋ እንዲወጣ ተደረገ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ገደማ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ ባስመጣ ጊዜ፥ ውኃ ሸለቆ ወርዶ ዳገት ሲወጣ ያየ ሕዝብ እጅግ ተደንቆ ነበር። ያ ውኃ ግን ከፍ ካለው ከእንጦጦ ስለ ተነሣ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ የወጣ ነው። የሐረር ውኃ እንደዚያ አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ሐረር 1,885 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ በመካከላቸውም ያለው የደንገጎ ዳገት ከሐረር ራስዋ ይበልጣል። ስለዚህ ውኃው በሞተር እየተገፋ ከአንዱ ማጠራቀሚያ ወደ ሌላው ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

የዚህንም ዋጋ በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ማለት 1,000 ሊትር ወይም 50 ጄሪካን ነው። ይህን ውኃ 700 ሜትር ብቻ ወደ ላይ ለማንሣት፥ ሞተሩ የሚያባክነውን ሳንቆጥር፥ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል የኤሌክትሪክ ኀይል ይፈልጋል። እንግዲህ የሐረር ሰው ቧንቧውን በከፈተ ጊዜ የሚወርድለት ውኃ ብቻ አይደለም፤ መብራትም፥ ሞተርም፥ ሌሊት የሚጠብቀው ሠራተኛ ድካምም ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃ የሚጠፋው፥ ውኃም በተራ የሚታደለው ስለዚህ ነው። ከዚህም የተነሣ በየቤቱ በርሜል፥ ሮቶና ጄሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል። ይህ ልማድ መልካም ቢሆንም አደጋም አለበት፤ ንጹሕ ሆኖ የመጣው ውኃ ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ ሰንብቶ፥ ሰውም እጁን እየነከረ እየቀዳበት የሚበላሸው በገዛ ቤታችን ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ከ70 ኪሎ ሜትር ርቆ ተራራ ወጥቶ የመጣው ውኃ ወዴት ይሄዳል? የምንጠጣው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ልብስ አጥቦ፥ ዕቃ አለቅልቆ፥ ገላ አጽድቶ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ከተማ የሚገባው ውኃ በጨመረ ቁጥር የሚወጣውም ፍሳሽ በዚያው ልክ ይጨምራል። በአገራችን ግን ቧንቧ ሲገባ ሕዝቡ እልል ይላል፥ ሪባንም ይቆረጣል፤ ስለ ፍሳሹ መውጫ ግን እልል የሚል ሰው አልታየም። በሐረርም አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው፤ የእጥበቱም ውኃ በብዙ ስፍራ በመንገዱ ቦይ ይወርዳል።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ከአገራችን ውጭ የሆነውን አንድ ታሪክ እናስታውስ። በ1846 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ኮሌራ ተነሥቶ በ10 ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ዘመን ሐኪሞች በሽታው በክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ እየዞረ ቢመረምር፥ የሚበዙት በመንገዱ ካለው ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። ከተማውን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች ነግሮ የውኃ መሳቢያውን እጀታ አስነቀለ። በኋላም በተመረመረ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ፤ በአቅራቢያው ባለ ቤት አንድ ሕፃን ታሞ ነበርና እናቱ የሽንት ጨርቁን ያጠበችበትን ውኃ በቤቱ ጉድጓድ ትደፋው ነበር። ያ ጉድጓድ የተሰነጠቀ ሆኖ ከመጠጥ ውኃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። ያች እናት ክፉ አላሰበችም፤ እንደ ማንኛይቱም እናት የልጅዋን ጨርቅ አጠበች እንጂ። ጥፋቱ የደፋችው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ አለማወቅዋ ነው። በአገራችንም በዚያው ዘመን በ1858 ዓ.ም. ኮሌራ በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ገብቶ ብዙ ሠራዊት እንደ ፈጀ በታሪክ ተጽፏል።

የምጽፍላችሁ እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ከብዙ ዓመታት በፊትም አንድ የጎረቤት ክርክር በእጄ ጽፌአለሁ። አንዲት አሮጊት በጠባብ መንገድ ከላይዋ በሚኖር ጎረቤትዋ ላይ ክስ አቀረበች። የእርሱ የእጥበትና የመታጠቢያ ውኃ በቦይ እየወረደ ከግድግዳዋ ሥር ይተኛል፤ ውኃ ወደምታጠራቅምበትም ጉድጓድ እየሰረገ ገብቶ የልጅ ልጅዋ በተቅማጥ ታሞባት ከሞት በጭንቅ ተርፏል። ተከሳሹም ቆሞ፥ «ጌታዬ፥ እኔ ውኃውን ወደ መንገድ አፈሰስሁ እንጂ ወደ እማማ ቤት አላስገባሁም» ብሎ መለሰ። ዳኛውም፥ «መንገዱስ ወዴት ይወርዳል?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ዝም አለ፤ በችሎቱም የነበረ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በመጨረሻ በሽማግሌ ታርቀው፥ ጎረቤትየው በገዛ ግቢው ድንጋይ የተሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ቦዩን ወደዚያ እንዲመልስ፥ የአሮጊቲቱንም ጉድጓድ አጽድቶ እንዲያስመርግ ሆነ።

እኔም የፍርዱን መዝገብ አጥፌ ወደ ቤቴ ስመለስ ያ የዳኛው ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋም ነበር። በግቢዬ ያለውን የእጥበት ቦይ መጨረሻውን ለማየት በአጥሩ ዞሬ ተከተልሁት። ቦዩ ከአጥሩ ወጥቶ፥ ቁልቁል ሄዶ፥ ጎመንና ሰላጣ በሚተክል በአንድ ሰው መደብ ላይ ይፈስ ነበር። ያንንም ሰላጣ ባለቤቴ ከዚያው ሰው እየገዛች ለልጆቻችን ታቀርብ ነበር። በዚያ ክረምት ታናሺቱ ልጃችን ሁለት ጊዜ በተቅማጥ ተኝታ፥ እኛ ነገሩን በጥርስ መውጣት ስናሳብብ ከርመን ነበር። የበሽታዋ ምክንያት ያ ብቻ እንደ ነበረ በመሐላ ለመመስከር አልችልም፤ ነገር ግን እጃችንን የታጠብንበት ውኃ ወደ ገበታችን ተመልሶ ይመጣ እንደ ነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰው ላይ የተፈረደውን በደስታ የጻፍሁ እኔ፥ ያው ክስ በእኔም ላይ ሊቀርብ ይችል እንደ ነበረ በዚያ ቀን ተረዳሁ። በማግሥቱ ጉድጓድ ቆፋሪ ጠራሁ።

የአንድ ቤት ነገር እንዲህ ከሆነ የከተማ ነገር እንዴት ይሆናል? ከሐረር የሚወርደው ውኃ ወደ ኤረር ሸለቆ ይሄዳል፤ የኤረርም ወንዝ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል። በታች ያለው ገበሬና ከብት አርቢ በላይ ያለው ከተማ ታች ጎረቤት ነው ማለት ነው።

ፍሳሽን ማጣራት ደግሞ የማይቻል ጥበብ አይደለም። በቤት ደረጃ የሚሠራው ሁለት ክፍል ያለው የታነጸ ጉድጓድ ነው። በፊተኛው ክፍል ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፥ ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፥ ያለ አየር የሚኖሩ ደቃቅ ነፍሳትም ዝቃጩን እየበሉ ያሳንሱታል። በሁለተኛው ክፍል የቀረው ውኃ እየጠራ በድንጋይ ወደ ተሞላ ማስረጊያ ይሄዳል። ዝቃጩ ግን ፈጽሞ አይጠፋምና በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ በፍሳሽ መምጠጫ መኪና መመጠጥ አለበት። በጀጎል ውስጥ ይህ መኪና የማይገባባቸው መንገዶች ብዙ ስለ ሆኑ፥ በዚያ ረጅም የመምጠጫ ቱቦና ትንንሽ መኪና ወይም የጋራ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። መኪናውም የመጠጠውን ወስዶ በማንም ሜዳ ቢገለብጠው በሽታውን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው አዛወረው እንጂ አላጠፋውም፤ ስለዚህ ዝቃጩ በፀሐይ የሚደርቅበት የተከለለ ስፍራ ሊኖር ግድ ነው። በቦይ ለሚሰበሰብ ፍሳሽ ደግሞ ተከታታይ ኩሬዎች ይቆፈራሉ። በመጀመሪያው ጥልቅ ኩሬ ዝቃጩ ይቀመጣል፤ በቀጣዮቹ ሰፋፊ ኩሬዎች ፀሐይ፥ አየርና አረንጓዴ የውኃ ሽበት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ከብዙ ቀን በኋላ የሚወጣው ውኃ ከገባው እጅግ የጠራ ይሆናል። በአዲስ አበባም በቃሊቲ ለብዙ ዓመታት ፍሳሽ በእንዲህ ያለ ኩሬ ይጣራ ነበር፤ በኋላ ከዚያ የበለጠ ማጣሪያ ተሠርቷል። ለትንሽ ከተማ ግን ኩሬው ሞተር ስለማይፈልግ፥ ፀሐይም ያለ ክፍያ ስለምትሠራ፥ ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነው።

ከተማው የከተማውን እስኪሠራ ድረስ በቤታችን ልንሠራው የሚገባን እነሆ።

1ኛ፤ የመጠጥ ውኃ አፉ ጠባብና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚቀዳበትም ጭልፋ እጀታው ረጅም ይሁን፤ ዕቃውም ውኃ በተሞላ ቁጥር በሳሙና ይታጠብ።

2ኛ፤ ውኃው ካጠራጠረ ይፈላ። ከፍ ባለ ደጋ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላልና እንደ ሐረር ባለ ስፍራ በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየቱ ይሻላል። ማገዶ ከተወደደ በገበያ የሚሸጠውን የውኃ መድኃኒት በጽሑፉ ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። የደፈረሰ ውኃ ግን መድኃኒቱን ያደክመዋልና አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ይጥለል።

3ኛ፤ መጸዳጃ ቤት ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም በላይ ባለው ዳገት አይሁን። ስፍራው ጠባብ ሆኖ ይህ የማይቻል ከሆነ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይለሰን፥ በጊዜውም ይመጠጥ።

4ኛ፤ የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። የጨርቁ እጥበት በመጸዳጃው ይደፋ፤ እናትም እጅዋን በሳሙና ትታጠብ።

5ኛ፤ የእጥበት ውኃ በመንገድ አይለቀቅ፤ በግቢ ውስጥ ድንጋይ በተሞላ ማስረጊያ ይግባ። ጥሬ የሚበላ አትክልትም በንጹሕ ውኃ በሚገባ ይታጠብ።

6ኛ፤ ሕፃን በተቅማጥ ከታመመ ጡት አይከልከል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣትና ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሕጉም ቢሆን ስለ ውኃ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ለቤት አገልግሎት የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም አዟል። ነገር ግን እኔ በመዝገብ ቤት እንዳየሁት ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸና ልጅ ከታመመ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚደርሰው የጎረቤት ኅሊና ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፤ ነገ ጠዋት የእጅ ውኃ በፈሰሰልህ ጊዜ፥ አንድ ጊዜ ከደጅህ ወጥተህ የተደፋውን ውኃ እስከ መጨረሻው ተከተለው። በመጨረሻው የምታገኘው የሰው ግድግዳ፥ የሰው ጉድጓድ ወይም የሰው ማሳ ከሆነ፥ ከሳሽ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ዶማህን አንሣ።